እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ

የአስካለን መርዶ የሰማሁት ባለዚፕ ላስቲክ በእጄ ይዤ ነው። ከባንኮኒው ወዲያ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ የጨጓራ መድኃኒት ሊወስዱ ቆመዋል። ስልኬ ጮኸ፤ ባሏ ነው። «መሲ፣ አስኩ አረፈች» አለኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው ስልኩን አስቀምጬ ዘበኛውን «እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ» ማለቴን ነው። ሰውየው ግራ እየገባቸው እጃቸውን ዘረጉ። ወፋፍራም፣ በብርድ የተሰነጣጠቁ ጣቶች ናቸው። የያዝኩትን ትንሹን ላስቲክ መልሼ ተለቅ ያለውን አነሳሁ፣ ኪኒኑን ከተትኩ፣ ዚፑን ገጠምኩ፣ ሰጠኋቸው። እንባዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሴትዮዋ ሞታ እንኳ ሥራ ላይ ናት።

እኔና አስካለ ለብዙ ዓመት አብረን የሠራነው ከፈረንሳይ ሰፈር ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ጠባብ መድኃኒት ቤት ነው። እኛ ጋ ሁለት ዓይነት ሰው ይመጣል፤ ከታች የሚወጣና ከላይ የሚወርድ። ከታች የሚወጣው ስልኩን እያየ ነው የሚያዝሽ፤ ወደ እንጦጦ ፓርክ ሊሮጥ ሲሄድ ጫማው ተረከዙን የላጠው ነው፣ ፕላስተር ገዝቶ ይሮጣል። ከላይ የሚወርደው ግን ይቆያል። ገበሬ አለ፣ ቄስ አለ፣ እንጨት ተሸክማ ወርዳ ወገቧን የምትይዝ ሴት አለች። እነዚህ ወረቀታቸውን በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ይመጡና እስኪፈታ ሰው ሁሉ ይጠብቃል። እኔ ትዕግሥት የለኝም፣ አልዋሽም። አስካለ ነበረች የምትጠብቃቸው፤ ቋጠሮውን ልፍታልዎ ብላ እጇን ሰዳ አታውቅም። እጃቸው እንዴት እንደሚፈታው እያየች ነዋ። ይህን የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

መድኃኒት ሁሉ በካርቶን ታሽጎ አይመጣም። በትልቅ ቆርቆሮ የሚመጣ ኪኒን አለ፤ እሱን ቆጥረን በትንንሽ ባለዚፕ ላስቲክ እናድላለን። ሌላ ቦታ ቢሆን ማንኛውም ላስቲክ ላስቲክ ነው፤ ከገባ ገባ፣ ካልገባ ገፍተው ያስገቡታል። አስካለ ዘንድ ግን ላስቲክ ልክ አለው። «ከሰፋ ኪኒኑ ሲንጋጋ ውሎ ዱቄት ይሆናል፤ ጉሙም ገብቶ ያረጥበዋል» ትላለች። «ከጠበበ ዚፑ የተገጠመ ይመስልሻል እንጂ አልገጠመም።» ይኼን ማንም የሙያው ሰው ያውቀዋል። የሷ ጉድ ከዚህ ይጀምራል። ልኩን የምትለካው በኪኒኑ ሳይሆን በሚከፍተው ሰው ጣት ነው። «መግባቱንማ እኔ አስገባዋለሁ» ትለኝ ነበር፤ «ቤቱ ሄዶ ማን ያወጣዋል?»

ሰው መጥቶ ወረቀቱን ሲዘረጋላት መጀመሪያ ወረቀቱን አታነብም። «እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ» ነው የምትለው። ቀጭን ጣት ያለው ትንሹን ይወስዳል። ጥፍሩ ያለቀ፣ ጣቱ የደነደነ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ትልቁን። ሕፃን ልጅ ያለው ደግሞ ዚፑ ጠንካራውን፣ ልጁ ከፍቶ እንደ ከረሜላ እንዳይበላው። ሰው ሁሉ ነጭ ገዋን የለበሰውን «ዶክተር» እንደሚለው እሷንም ዶክተር ይሏታል፤ «ዶክተር አይደለሁም፣ ዶክተሩ ያዘዘውን የማደርስ ነኝ» ትላቸዋለች። ደግሞ አትሽኮረመምም፤ ሥራዋን እንደምታውቅ ታውቃለች፣ አፏን ሞልታም ትናገራለች።

አንድ ቀን ነጠላቸውን መስቀለኛ ያጣፉ አንዲት እናት ገቡ። አስካለ እንደልማዷ እጅዎን አለቻቸው። ሴትዮዋ እጃቸውን እንደ ትኩስ ነገር ሰብስበው «ምነው ልጄ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ መዳፍ አላስነብብም» አሉ።

«እኔም ክርስቲያን ነኝ እማማ። ጥፍርዎን ነው የማየው።»

«ጥፍሬን ደግሞ ምን ያደርግልሻል?» ብለው ጭራሽ ወደ በሩ አፈገፈጉ። ወይ ጣጣ አልኩ። አስካለ ላስቲኮቹን ባንኮኒው ላይ ደርድራ አንዱን ይክፈቱት አለቻቸው። ትንሹ እምቢ አላቸው፣ ሁለተኛውም እምቢ አለ፤ ሦስተኛውን ጠቅ አድርገው ከፈቱት። ኪኒናቸውን እዚያው ውስጥ አስገባችላቸው። ሲወጡ ወደ እኔ ዞረው «ነገሩስ ጥንቆላ አይደለም፣ ግን ሌላ ቦታ እንዲህ ብላ እንዳታስደነግጥ ንገሪያት» አሉኝ። ነገርኳት። ለአንድ ሳምንት ስንስቅ ከረምን።

ላስቲኩን የምትገዛው ራሷ ሾላ ገበያ ወርዳ ነው። አንድ ጊዜ አብሬያት ሄጄ በኀፍረት የምገባበት ጠፋኝ። እያንዳንዱን ጥቅል አስፈትታ አንዱን ትስባለች፣ ትንፋሿን ትነፋበታለች፣ ዚፑን ትገጥምና ጉንጯ ላይ ጫን ታደርገዋለች፤ አየር ካመለጠ ጉንጬ ያውቃል ባይ ናት። ዶሮ ገዢ ናት የምትመስለው። ሻጩ ወጣት ሰለቸውና «እናቴ፣ ላስቲክ ነው እኮ፤ ሙሽራ አይደለም» አላት።

«ሙሽራማ አንዴ ነው የሚመረጠው። ከላስቲክ ጋር ግን በየቀኑ ነው የምውለው። ሌላውን አምጣ።»

«ይኼ ሳይዝ ለሁሉም ይሆናል ስልሽ!»

«ያደረግከውን ጫማ ለሁሉም ይሆናል ብለው ነው የሸጡልህ?» አለችው። ልጁ ሳቀ፣ ዙሪያውም ሳቀ፣ ሌላውንም አመጣላት። ከዚያ ወዲያ ስትመጣ ሲያያት ገና ከሩቅ ጥቅሉን መፍታት ይጀምር ነበር።

ስለ እምነቷ ካላነሳሁ አስካለን አላወራሁም። ጴንጤ ናት። ሰፈሩ ያውቃል፣ እሷም አትደብቅም። እኔ ደግሞ ረቡዕና ዓርብን የማልስት ሰው ነኝ። «ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ጥብስሽን ከአፍንጫዬ አርቂልኝ» ስላት ሳህኗን ይዛ ጓሮ ትወጣለች፤ ስትመለስ አፏን ታጥባ ነው። አንዳንድ ደንበኛ ግን «ጌታ ይባርክዎ» ስትለው ፊቱን ያዞራል። ቅር አይላትም። «ፊቱን ያዙር፣ ኪኒኑን በሰዓቱ ይውሰድ እንጂ» ትላለች።

እንግዲህ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ወደ እኛ የመጡት ነሐሴ ውስጥ ነው፤ ዝናቡ ወዲያና ወዲህ የማያስብልበት ጊዜ። እንጦጦ ማርያም ቅጥር ሥር ባለች አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ መነኩሴ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ጽሑፍ አያዩም። ጣቶቻቸው በቁርጥማት ተጣመዋል። ያን ቀን ግንባራቸው ላይ ፋሻ አለ፣ ክንዳቸው አብጧል። ደግፎ ያስገባቸው የእህታቸው ልጅ ብሩክ ነው፤ መሪ ኮንዶሚኒየም የሚኖር የቢሮ ሠራተኛ። ፊቱ ገርጥቷል። እንቅልፍ እንዳልተኛ ያስታውቃል።

«መድኃኒታቸውን ስጡን» አለ። «ሌሊት ወድቀው ሲነጋ ዝናብ ላይ ነው የተገኙት። ከዛሬ ጀምሮ እኔ ጋ ነው የሚኖሩት።»

«አልወርድም ብዬሃለሁ» አሉ እማሆይ፤ ድምፃቸው ቀስ ያለ ነው፣ ግን ንቅንቅ አይልም። «ከማርያም ደጅ የምወርደው በሰው ትከሻ ነው። ስሞት።»

«እማሆይ፣ ቤቱ ሙቀት አለው፣ ሰው አለ...»

«አራተኛ ፎቅ ነው። ሰማይ ላይ ሰቅለህ ልታስቀምጠኝ ነው። ደወሉን ከየት እሰማለሁ? ኪዳን መድረሱን ማን ይነግረኛል? እኔ እኮ ልጄ ይኼን ዕድሜ ሁሉ የቆየሁት እዚያ ደጅ ላይ ለመሞት ነው።»

ብሩክ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። እናቱ ስትሞት አደራ ብላው ነበር፣ እሳቸው ወድቀው ቢሞቱ አደራውን በላ ማለት ነው። እንዲህ ነው የነገረን፣ እዚያው ቆመን።

አስካለ ከባንኮኒው ወጥታ እማሆይን ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፣ ፊታቸው ተንበረከከችና እጃቸውን ያዘች። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው፣ ዘረጋቻቸው። ከዚያ ማዘዣቸውን አየችና «የሚያሸናውን ኪኒን መቼ ነው የሚወስዱት?» አለች። እማሆይ ሁለት መድኃኒት ነበራቸው፤ አንዱ የደም ግፊት፣ አንዱ ውኃ ከሰውነት የሚያስወጣ፣ ሽንት የሚያመላልስ።

«ለጸሎት ስነሣ ነዋ።»

«ስንት ሰዓት ማለት ነው?»

«ስምንት ሰዓት። ላስቲኩ ላይ እንዲያ ነው የሚለው፤ ጎረቤቴ ያለው ዲያቆን አንብቦልኛል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እኔም ነቅቻለሁ፤ መድኃኒቱና ጸሎቴ እንዴት ገጠመ ብዬ አመሰገንኩ።»

አስካለ አሮጌውን ላስቲክ ከፌስታላቸው አወጣችና ለእኔም ለብሩክም አሳየችን። ሌላ ቦታ ነው የታደለው፤ ላዩ ላይ ስምንት ኤኤም ተብሎ ተጽፏል። የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ዲያቆኑ ስምንትን ስምንት ብሎ አነበበ፤ ምን ያድርግ፣ ስምንት ነው። እማሆይ ደግሞ ለጸሎት የሚነሡበት ሰዓት ሆኖ አገኙት። በሌሊት ያን ኪኒን ይውጣሉ፣ ከዚያ ሽንታቸው ይመጣል፣ ዓይናቸው በማያይበት ጨለማ በረጠበ ድንጋይ ላይ ወደ ሽንት ቤት ይወጣሉ። እጄን በአፌ ጫንኩ። ብሩክ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«ማዞር መስሎኝ» አለ። «እያዞራቸው ነው የሚወድቁት መስሎኝ።» ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «እሺ፣ ይኼ ተገኘ። ነገስ? ሁለቱም ላስቲክ አንድ ነው፣ እሳቸው አያዩም። ነገ አንዱን ባንዱ ቢለውጡትስ? እኔ ሌላ እንዲህ ያለ ስልክ አልችልም።»

እውነቱን ነው። አስካለ ግን «እስከ ብዙኃን ማርያም ጊዜ ስጠኝ» አለችው። ሦስታችንም ወደሷ ዞርን። ማርያም የሚል ቃል ከሷ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «ምን ታዩኛላችሁ?» አለች። «ቀኑን ነው ያልኩት። መስከረም ሃያ አንድ ማለት ይረዝማል።» ብሩክ ያን ቀን መጥቶ ያያል፣ እማሆይ ኪኒኑን ራሳቸው መለየትና መክፈት ካልቻሉ ይወስዳቸዋል። እማሆይም በዚህ ተስማሙ፤ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። እስከዚያ ዲያቆኑ ማታ ማታ ብቅ እያለ ያያቸዋል።

ወደ ሐኪማቸው ደውላ የሚያሸናው ጠዋት፣ የግፊቱ ማታ መሆኑን አረጋገጠች። ከዚያ እያንዳንዷን ኪኒን በየራሷ ላስቲክ ከተተች፤ የጠዋቱን በትንሹ፣ የማታውን በተለቅ ያለው። ዓይን ባያይ ጣት ይለያል ብላ ነው። እኔም ጎሽ አልኩ። በሳምንቱ ዕረፍት ቀናችን ታክሲ ይዘን ወጣን። እማሆይ ገና ድምፃችንን ሲሰሙ «ልጆቼ፣ አንዱን ዶሮ በላው» አሉን።

ትንሹ ላስቲክ እምቢ ብሏቸው በጥርሳቸው ቀደዱት፤ ኪኒኑ ተፈናጥሮ ወለሉ ላይ ወደቀ፣ የጎረቤት ዶሮ ገብታ ለቀመችው። እኔ ዶሮዋ ምን ሆነች ብዬ መጠየቄ አልቀረም። ምንም አልሆነችም፤ ግቢውን ስትዞር ነው የዋለችው አሉኝ። አስካለ አልሳቀችም። «ሁለቱንስ ይለያሉ?» አለቻቸው። እማሆይ ሁለቱን ላስቲኮች በጣታቸው ዳሰሱ፣ ደግመው ዳሰሱ፣ አመነቱ። ልክ አገኙት፣ ግን አመነቱ። ስንወርድ አስካለ መስኮቱን እያየች ነበር። «እጅ የሚያመነታበት ልዩነት፣ ልዩነት አይደለም» አለችኝ። «ያለ እኔ የሚያመነቱባት አንዷ ቀን ናት ወደ መሪ የምታወርዳቸው።»

በማግስቱ ስገባ ባንኮኒው ላይ ሾላ ያለው ላስቲክ በሙሉ ተዘርግቷል። አስካለ የጣቶቿን መጋጠሚያ እንዳይታጠፍ በፕላስተር ጠምጥማ፣ ዓይኗን ጨፍና ላስቲክ ትታገላለች። አንድ ደንበኛ ገባና «ዶክተር፣ እጅሽን ምን ነካሽ?» አላት።

«ምንም አልነካኝም። እማሆይን ሆኜ ነው።»

ሰውየው እኔን አየኝ። ዝም ብለህ ያዘዝከውን ውሰድ አልኩት። ቀኑን ሙሉ እንዲያ ዋለች፤ ሰው ሲመጣ ፕላስተሩን ትፈታለች፣ ሲሄድ መልሳ ትጠመጥማለች። ትንሹን ጨርሳ ጣለችው። የጠዋቱ መዳፍ የሚያክለው ሆነ። የማታው ከመዳፍ አልፎ የእጅ አንጓ የሚደርሰው፤ ይኼን ማንም ጣት አይስተውም። ነገር ግን በትልቁ ውስጥ አንዲቷ ኪኒን ጥግ ገብታ ትደበቃለች፣ እማሆይ ባዶ ነው ብለው ሊጥሉት ነው። ስለዚህ ታችኛውን ወገን ወደ ላይ አጥፋ በፕላስተር ለጠፈችው፤ ላዩ ሰፊ፣ ሆዱ ጠባብ ሆነ፣ ኪኒኗም አፉ አጠገብ ቀረች። የመጨረሻው የዚፑ ከንፈር፣ ከዚፑ በላይ ያለው ጠርዝ፣ ነበር። ሁለቱ ከንፈሮች እኩል ስለሆኑ ጣት የቱን እንደሚስብ አያውቅም። መቀስ አንስታ ያንዱን ጫፍ ቆረጥ አደረገችው። ያንኛው ብቻውን ወጥቶ ቀረ። ዓይኗን ጨፍና፣ በተጠቀለለ ጣቷ ያዘችው፣ ሳበችው፣ ተከፈተ።

«መጣሁልዎ እማሆይ» አለች፤ እማሆይ ግን ከእኛ ብዙ ርቀው፣ ከተራራው ላይ ናቸው።

ለብዙኃን ማርያም ብሩክ ፒክአፕ ይዞ መጣ። የሚጭንበት ገመድ ሁሉ ይዟል፤ መሪ ላለው ቤቱ አልጋም ገዝቶላቸዋል። እማሆይ መደባቸው ላይ ተቀምጠዋል። እኔና አስካለ በሩ አጠገብ ቆመናል። ብሩክ ከቅርጫታቸው ሁለት ላስቲክ አንስቶ ከኋላው ደባለቀና ሰጣቸው። እማሆይ ገና ሳይጨብጧቸው «ይቺ የፀሐይ፣ ይቺ የጨለማ» አሉ። እንዲያ ነበር የሚጠሯቸው፤ ሰዓት የሚባል ነገር ከዚያ ወዲያ አልፈለጉም። የፀሐዩን ከንፈር ይዘው ሳቡ፣ ኪኒኗን መዳፋቸው ላይ አራገፏት፣ አሳዩት፣ መልሰው ከተው ዘጉ። ልጁ አሁንም አላመነም። ሌላ ሁለት ሰጣቸው። እማሆይ ዳሰሷቸውና ፈገግ አሉ።

«ሁለቱም የጨለማ ናቸው። ልጄ፣ አረጀሁ እንጂ ሞኝ አልሆንኩም።»

ብሩክ ሳቀ፣ ሳቁ ሳያልቅ አለቀሰ። ደፉ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ይቆዩ እንግዲህ» አለ። «ግን ስልክ ያንሱ፤ ስደውል ያንሱልኝ።» ከዚያ ተነሣና ያመጣውን ገመድ ከመኪናው አወረደ። ከቤቱ በር ጀምሮ እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ፣ ከዛፍ ዛፍ እያሰረ፣ በእማሆይ ወገብ ልክ ዘረጋው፤ እየያዙ እንዲሄዱ። እቃ ሊጭንበት ባመጣው ገመድ።

ልንወጣ ስንል እማሆይ አስካለን ጠሯት። «ልጄ፣ አንቺ ማርያምን እንደማትሳለሚ ሰምቻለሁ» አሏት። «እኔን ግን ደጇ ላይ አቆየሽኝ። እሷም አይታሻለች።» አስካለ መልስ የማታጣ ሴት ናት። ያን ጊዜ ግን «ላስቲኮቹን ከፀሐይ ያርቋቸው፣ ይደርቃሉ» ብላ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ለእማሆይ ላስቲክ ማዘጋጀት የሷ ሥራ ሆነ። ማንም አይነካባትም፤ እኔ እንኳ መቀሱን ካነሳሁ «አጠመምሽው» ትለኛለች። ይዛ የምትወጣውም ራሷ ናት። እማሆይ ደግሞ ባዶዎቹን አጣጥፈው ይመልሱላታል።

ባለፈው ፋሲካ ማግስት ታመመች። ቤት ዋለች፣ ከዚያ አልጋ ላይ ዋለች። ልጠይቃት ስሄድ መድኃኒቷን ይዤላት ነበር፤ ቀጭን ጣት የነበራት ሰው ናትና በትንሹ ላስቲክ ነው ያደረግኩት። አየችው፣ ሞከረችው፣ አልከፈት አላት፤ ጣቶቿ በሕመሙ ዝለዋል። እሷ ግን ሳቀች።

«መሲ፣ እጄን ሳታዪ ሰጠሽኝ» አለችኝ።

በማግስቱ ትልቁን ይዤላት ሄድኩ፣ ያንዱን ከንፈር ቆርጬ። ከፈተችውና «አላጠመምሽውም» አለች። ከሷ አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም። ሰኞ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ባሏ ደወለ።

ቀብሯ የቤተክርስቲያናቸው ሰዎች በሚቀበሩበት ቦታ ነው። መዘምራኑ ይዘምራሉ፣ ሰዉ ብዙ ነው፤ ከታች የሚወጣውም ከላይ የሚወርደውም መጥቷል፤ ላስቲክ የሚሸጠው ወጣት እንኳ መጥቷል። እኔ የማላውቀው ዝማሬ መሐል ቆሜ ስነፋረቅ ሰው ገለል ገለል ሲል አየሁ። በመሐሉ ቢጫ ቆብና ነጠላ ይመጣል። እማሆይ ናቸው። ብሩክ ደግፏቸው፣ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጥለው፣ በዚያ ሁሉ ጴንጤ መሐል እያማተቡ። ሰዉ ወንበር አመጣላቸው፣ መቃብሩ አጠገብ አስቀመጣቸው። ሲዘመር ዝም ብለው ሰሙ። ሲያልቅ የራሳቸውን ጸሎት በለሆሳስ ደገሙ፤ ከልካይ አልነበረም።

ሰዉ ሲበተን ሄጄ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። «እማሆይ፣ በሰው ትከሻ ካልሆነ ከማርያም ደጅ አልወርድም ብለው አልነበር?» አልኳቸው።

«እንዳልኩት አደረግኩ» አሉ፤ የብሩክን ትከሻ መታ መታ አደረጉት። «በሰው ትከሻ ወረድኩ።»

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «መሲ፣ እስቲ እጅሽን አሳዪኝ።» ሰጠኋቸው። በዚያ በተጣመመ ጣታቸው የእኔን ጣት አንድ በአንድ አጠፉት፣ ዘረጉት፣ እንደሷ። ቸኩለው አይደለም። የእኔ እንባ እጃቸው ላይ ይወርዳል፣ እሳቸው ሥራቸውን ይሠራሉ።

«ደህና እጅ ነው» አሉ በመጨረሻ። «የፀሐዩ ገና አለኝ። የጨለማው ግን አልቋል፤ ነገ ይዘሽልኝ ውጪ።»